የአሮጌ መጽሐፍ ሱቁ ዌብሳይት፦ ቴምፕሌቶቹን ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

ሰኞ

ሥራው ይሄ ነው፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ላለ አንድ የአሮጌ መጽሐፍ ሱቅ ዌብሳይት መሥራት። ወርድፕሬስ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ፣ በብሎክ ቲም (ቲም ማለት የዌብሳይቱን መልክ የሚወስነው ነው፣ ብሎኩን ማክሰኞ ላይ አስረዳለሁ)። ባለቤቱን ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዛው። እስካሁን የሚሸጡት ሱቁ ድረስ ለሚመጣ ሰውና በቴሌግራም ነው፣ የእህታቸው ልጅ የሽፋኑን ፎቶ አንስታ ትለጥፋለች፣ ሰው ይደውላል፣ በቃ። ቴሌግራሙ ጥሩ ነው ግን ከወራት በፊት የተለጠፈ መጽሐፍ እዛ ውስጥ ለማግኘት ወደ ላይ ስትስብ ትውላለህ። አሮጌ መጽሐፍ የሚያድን ሰው ደግሞ የሚፈልገውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው፣ የደራሲውን ስም፣ ስንተኛ እትም እንደሆነ፣ አንዳንዴ ማተሚያ ቤቱን ሳይቀር ይዞ ነው የሚመጣው፣ እና ዌብሳይቱ ለዚ ሰው ቶሎ መልስ መስጠት አለበት።

ከመጀመሬ በፊት የወሰንኩት አንድ ነገር አለ። እያንዳንዱን መጽሐፍ እንደ ገጽ ቁጭ ብሎ ዲዛይን ማድረግ የለም። ሁሉም መጽሐፍ ላይ አንድ ዓይነት የሆነ ነገር ሁሉ ቴምፕሌቱ ውስጥ፣ ማለትም ገጾቹ በሙሉ የሚጋሩት ቅርጽ ውስጥ ይገባል፣ ከመጽሐፍ መጽሐፍ የሚለያየው ብቻ ለልጅቷ ይቀራል። እሷ መጽሐፍ ስታስገባ ስለ ኮለም፣ ስለ ስፔሲንግ፣ ስለ ቀለም ማሰብ የለባትም፣ የእሷ ሥራ ርዕስ፣ ፎቶ፣ ዋጋ፣ ትንሽ ጽሑፍ ነው። ሌላው በሙሉ የእኔ ኃላፊነት ነው።

ቲሙ ትዌንቲ ትዌንቲ ፋይቭ ነው፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2024 ከወርድፕሬስ 6.7 ጋር የወጣው። የተከፈለበት ቲም ይሻላል ያሉኝ ሰዎች ነበሩ ግን አልተስማማሁም፣ ምክንያቱም እነዛ ቲሞች የሚሸጡት በሚያምር ዴሞ ነው፣ እና አብሯቸው የሚመጣውን ተንሸራታች ምስል ምናምን ለማጥፋት የምታጠፋው ጊዜ ከባዶ ከመሥራት አይተናነስም። ይሄኛው ባዶ ነው፣ ቀላል ነው፣ የአዲስ አበባ የሞባይል ዳታ ላይም ቶሎ ይከፈታል።

ማክሰኞ

ለማያውቅ ሰው ብሎክ ቲም ምንድነው የሚለውን ላስቀምጥ፣ ጋሼም ስለጠየቁኝ ለሳቸው እንዳስረዳሁት። ብሎክ ማለት ገጹ የሚገጣጠምበት አንድ ቁራጭ ነው፣ ርዕስ፣ ፓራግራፍ፣ ምስል። ድሮ የወርድፕሬስ ገጽ ቅርጽ የሚቀየረው በፒኤችፒ ፋይል ነበር፣ ኮድ የማይችል ሰው አይነካውም። ብሎክ ኤዲተሩ በ5.0 እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2018 ሲመጣ የጽሑፉን ውስጥ ብቻ ነበር የቀየረው። ከ5.9 ጀምሮ ማለትም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 በኋላ ግን ከጽሑፉ ውጪ ያለው ቅርጽም፣ ሄደሩም ፉተሩም (የገጹ ራስጌና ግርጌ) ዝርዝሩም፣ በብሎክ ሆነ። ቴምፕሌቶቹ «ቴምፕሌትስ» የሚባል ፎልደር ውስጥ የተቀመጡ የኤችቲኤምኤል ፋይሎች ናቸው፣ ሄደርና ፉተር «ፓርትስ» ውስጥ፣ ቀለምና ፎንት ደግሞ «ቲም ዶት ጄሰን» በሚባል አንድ ፋይል ነው የሚታዘዙት።

ወርድፕሬስ የትኛውን ቴምፕሌት እንደሚያወጣ የሚወስንበት ተራ አለው፣ ይሄን ተራ ያልያዘ ሰው ብዙ ይደናገራል። እኛ መጽሐፍን ከብሎግ ጽሑፍ ለይተን «ቡክ» የሚል የራሱ ፖስት ታይፕ (የይዘት ዓይነት) ሰጥተነዋል፣ ስለዚ አንድ መጽሐፍ ሲከፈት መጀመሪያ በዛው መጽሐፍ ስም የተሠራ ቴምፕሌት ካለ ይፈልጋል፣ ከሌለ «ሲንግል-ቡክ»፣ እሱም ከሌለ «ሲንግል»፣ ከዛ «ሲንጉላር»፣ መጨረሻ ላይ «ኢንዴክስ»። ዝርዝሩ ላይ ደግሞ «አርካይቭ-ቡክ»፣ «አርካይቭ»፣ «ኢንዴክስ»። ማለትም ከልዩ ወደ አጠቃላይ ነው የሚወርደው። ቲሙ ራሱ ይዞ የመጣው ስምንት ቴምፕሌት ነው፣ ስለ መጽሐፍ የሚያውቅ የለም፣ እና ምንም ካልተሠራ መጽሐፉ «ሲንግል» ላይ ነው የሚወድቀው።

ይሄ ደግሞ እዚ ሱቅ ላይ ቀልድ አይደለም። የቲሙ «ሲንግል» ከርዕሱ ስር የጻፈውን ሰው ስም ያወጣል፣ የሚያወጣው ስም ግን ዌብሳይቱ ላይ ያስገባውን ሰው ነው። ማለትም ሃምሳ ዓመት የሞላው ልቦለድ ገጽ ላይ ደራሲ ሆና የምትወጣው የጋሼ የእህታቸው ልጅ ናት! ከዛ የኮመንት ሳጥን፣ ከዛ ቀጣይ ጽሑፍ ያለፈ ጽሑፍ የሚል። ለብሎግ ጥሩ ነው፣ ለመጽሐፍ አንዱም አይሆንም። ስለዚ «ሲንግል-ቡክ» እና «አርካይቭ-ቡክ» የግድ ናቸው።

ፖስት ታይፑን በኮድ ስትመዘግብ «ሾው ኢን ሬስት» የሚለው ሴቲንግ እውነት (ትሩ) ካልሆነ ብሎክ ኤዲተሩ አይከፈትልህም፣ «ሃዝ አርካይቭ» እውነት ካልሆነ ዝርዝሩ የለም፣ «ከስተም ፊልድስ» (ከጽሑፉ ተለይተው የሚቀመጡ መረጃዎች) የሚለውን ሰፖርት ካላስገባህ ደግሞ በኋላ ዋጋና ዓመት ማገናኘት አይቻልም። ሦስቱንም መጀመሪያውኑ መጻፍ ነው።

ረቡዕ

አጭር ቀን። ቻይልድ ቲም ከፈትኩ። ቲሙን ራሱን ብትነካው አፕዴት ሲመጣ የነካኸው በሙሉ ይጠፋል፣ ስለዚ ከሱ የሚወርስ የራሳችን ትንሽ ቲም፣ አንድ ስታይል ፋይል፣ አንድ ቲም ዶት ጄሰን፣ ሁለቱ ፎልደሮች።

እዚጋ ሁሉም ሰው ማወቅ ያለበት ነገር፦ ሳይት ኤዲተር ውስጥ ቴምፕሌት ቀይረህ ሴቭ ስትል ፋይሉ አይቀየርም። የቀየርከው ዳታቤዝ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ እና ከዛ በኋላ ዳታቤዙ ፋይሉን ይበልጠዋል። ፋይሉን በኮድ ብታስተካክል ገጹ ላይ ምንም ለውጥ አይታይም፣ ካሽ (ብራውዘሩ ያስቀመጠው የድሮ ቅጂ) ነው ብለህ ስታጠፋ ስታበራ ትውላለህ። መፍትሔው ሳይት ኤዲተር ውስጥ ቴምፕሌቱ ላይ ሄዶ «ሪሴት» ማለት ነው፣ ያኔ ወደ ፋይሉ ይመለሳል። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው፣ ቅርጹን ሳይት ኤዲተር ላይ በዓይን እያየሁ አስተካክላለሁ፣ ሲያምረኝ «ክሪኤት ብሎክ ቲም» በሚባለው ፕለጊን (ወርድፕሬስ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ወደ ቻይልድ ቲሙ ፋይል አወርደዋለሁ፣ ዳታቤዙ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ነገ ሆስቲንግ ቢቀየር ቲሙ አንድ ዚፕ ፋይል ነው።

ሐሙስ

ዛሬ ሙሉ ቀን ፊደል ላይ ነበርኩ፣ የሚገባው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ ምክንያቱም መጽሐፍ ወዳጅ ሰው ፊደሉ ካላማረው ገጹን አያነብም።

ቲሙ ይዞት የመጣው ፎንት ማንሮፕ ነው፣ ውስጡ የእኛ ፊደል የለም። ፊደሉ የሌለበት ፎንት ሲሆን ብራውዘሩ ስልኩ ላይ ያገኘውን ይተካል፣ አንድሮይድ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ አይፎን ላይ ኬፋ፣ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይ ኢብሪማ። አንድ ገጽ ሦስት መልክ። ከዛ የባሰው ቁጥሩ ነው፣ ቁጥርና የላቲን ፊደል ከማንሮፕ ስለሚመጣ ዋጋው ላይ ቁጥሩ ቀጭን፣ «ብር» የሚለው ደግሞ ወፍራም ሆኖ ጎን ለጎን ይቆማል። ቲሙ የጽሑፉን ውፍረት 300 ነው ያደረገው፣ ለላቲን ያምራል፣ የእኛ ፊደል ግን ስልኩ ላይ 300 ስለሌለው ተራውን 400 ያወጣል፣ ልዩነቱ የሚመጣው ከዛ ነው።

የፎንት ምርጫ ላይ ሦስት አየሁ። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የድሮ ብራና የሚመስል ቅርጽ አለው፣ በጣም ነው የምወደው፣ ለዚ ሱቅም መንፈሱ ይስማማ ነበር፣ ግን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው፣ ርዕስ ላይ ቦልድ ስትለው ብራውዘሩ ራሱ አወፍራለሁ ብሎ ፊደሉን ያጨማልቀዋል፣ «ጭ» እና «ጩ» ላይ ያሉት ትንንሽ ክፍተቶች ይደፈናሉ። ስለዚ ለርዕስ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ፣ ለጽሑፍ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ሁለቱም በብዙ ውፍረት አሉ፣ ነፃ ናቸው። ከኋላቸው ለቁጥርና ለላቲን የዛው ቤተሰብ የሆነውን ኖቶ አስከተልኩ፣ አሁን ዋጋው አንድ ወጥ ሆነ። ከ6.5 ጀምሮ ፎንት ላይብረሪ የሚባል ነገር ስላለ ፎንቱ ከራሳችን ሰርቨር ነው የሚጫነው፣ ከሌላ ቦታ አይጠራም።

ከዛ ቲም ዶት ጄሰን ላይ ያሉትን ቁጥሮች። የመስመር ከፍታው 1.4 ነበር፣ ለላቲን ትንሹ ፊደል ከላይ ከታች ክፍተት ስላለው ይበቃዋል፣ የእኛ ፊደል ግን በአብዛኛው ሙሉውን ቁመት ስለሚይዝ መስመሮቹ ይደራረባሉ፣ 1.7 አደረግኩት። የፊደል ክፍተቱ ሲቀነስ 0.1 ፒክስል ነበር፣ ዜሮ። ውፍረቱ 400። የጽሑፉ ስፋት 645 ፒክስል ነው፣ እሱ ጥሩ ነው፣ አልነካሁትም።

አንድ ደግሞ፣ ኢታሊክ። የእኛ ጽሑፍ ኢታሊክ የለውም፣ ብራውዘሩ ግን አስገድዶ ያጋድመዋል፣ አያምርም፣ ለማንበብም ይከብዳል። በአንድ መስመር ስታይል ፎንቱን አስመስሎ ማጋደሉን ዘጋሁት። የሚጎላ ነገር ካለ በ«» ይጎላል፣ እኛ ሀገር የሚታወቀው እሱ ነው።

ዓርብ

«ሲንግል-ቡክ» ተጀመረ። መብራት ከሰዓት በኋላ ስለሄደ ግማሹን ሜክሲኮ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ነው የሠራሁት።

ቅርጹ፦ ከላይ ሄደር፣ ከዛ ሁለት ኮለም፣ በግራ ሽፋኑ፣ በቀኝ ርዕሱ፣ ደራሲው፣ ከዛ መረጃው በመስመር በመስመር፣ ከዛ የቴሌግራም በተን። ከሥሩ ስለ መጽሐፉ የተጻፈው። ስልክ ላይ ኮለሙ ራሱ ከላይ ወደ ታች ይደረደራል።

ብዙ ያሰብኩበት የትኛው መረጃ ታክሶኖሚ (መጻሕፍቱ የሚመደቡበት) ይሁን የትኛው ከስተም ፊልድ ይሁን የሚለው ላይ ነው። የእኔ ሕግ፣ ሰው ተጭኖት ሌላ መጽሐፍ ማየት የሚፈልገው ነገር ታክሶኖሚ ነው፣ አንብቦት የሚያልፈው ነገር ፊልድ ነው። ደራሲ፣ ዘርፍ፣ ማተሚያ ቤት ታክሶኖሚ ሆኑ። ማተሚያ ቤት ለምን ለሚል፣ በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመውን ብርሃንና ሰላምን የመሰለ ማተሚያ ቤት ያወጣቸውን አሮጌ እትሞች ብቻ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፣ ጋሼ ናቸው የነገሩኝ፣ እነዚ ሰዎች ስሙን ሲጫኑ ሱቁ ውስጥ ያለው በሙሉ መምጣት አለበት። የታተመበት ዓመት፣ እትም፣ የገጽ ብዛት፣ ሁኔታ፣ ዋጋ ፊልድ ሆኑ።

ፊልዱን ከብሎክ ጋር ማገናኘት ከ6.5 ጀምሮ ፕለጊን ሳይጨመር ይቻላል፣ ብሎክ ባይንዲንግስ ይሉታል፣ ፓራግራፍ፣ ሄዲንግ፣ ምስልና በተን ላይ ይሠራል። ፊልዱ በኮድ መመዝገብ አለበት፣ እሱም ላይ «ሾው ኢን ሬስት»፣ ስሙም በአንደርስኮር መጀመር የለበትም። 6.7 ላይ ከኤዲተሩ ጎን በኩል መርጠህ ማገናኘት ስለሚቻል ኮድ ቪው ውስጥ መግባት ቀረ።

ልብ የሚባለው፣ ፊልዱ የፓራግራፉን ጽሑፍ በሙሉ ነው የሚተካው፣ ስለዚ «ዋጋ፦» የሚለውን እዛው ፓራግራፍ ውስጥ ብትጽፈው ይጠፋል። በሮው ብሎክ ሁለት ፓራግራፍ ጎን ለጎን ማድረግ ነው፣ አንዱ መጠሪያው፣ አንዱ የተገናኘው። እሺ ፊልዱ ባዶ ቢሆንስ? አሮጌ መጽሐፍ ላይ ይሄ ሁሌ ያለ ነገር ነው፣ የመጀመሪያው ቅጠል ተቀዶ ዓመቱ የማይታወቅ መጽሐፍ ሞልቷል። ያኔ «የታተመበት ዓመት፦» ብሎ ባዶ ይቀራል፣ ያልተሠራ ቤት ይመስላል። ፊልዱን ስመዘግብ ዲፎልት ሰጠሁት፣ «አልታወቀም» የሚል። ዓመቱን ደግሞ እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ነው የመዘገብኩት፣ ምክንያቱም መጽሐፉ ላይ ያለው «1966 ዓ.ም.» ነው፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ በግዕዝ ቁጥር ነው፣ አንዳንዱን ጋሼ «በስድሳዎቹ መጀመሪያ» ብለው ነው የሚገምቱት፣ እና ያ ግምት ራሱ መረጃ ስለሆነ እንዳለ መግባት አለበት።

ቅዳሜ፣ ሱቅ ውስጥ

ለጋሼ በስልኬ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩት አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ሽፋን ተቆርጧል እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የሽፋኑ ምስል ብሎክ 2 ለ 3 ተደርጎ «ከቨር» ላይ ነበር፣ ማለትም ሳጥኑን ለመሙላት ዳር ዳሩን ይቆርጣል። «ለምን ይቆረጣል፣ የሚገዛው ሰው ጥጉ መቀደድ አለመቀደዱን ነው መጀመሪያ የሚያየው፣ ካልታየው ደውሎ ይጠይቀኛል፣ ደብቀኸኛልም ይለኛል።» ይሄን እኔ ቁጭ ብዬ ላስበው አልችልም ነበር። «ኮንቴይን» ላይ አደረግነው፣ ሽፋኑ ሙሉውን ይታያል፣ የሚተርፈው ቦታ በቀላል የወረቀት ቀለም ይሞላል።

ሁለተኛው ጥያቄያቸው፦ «ሁለት ሰው አንድ መጽሐፍ ቢጠይቀኝስ? ያለኝ አንድ ፍሬ ነው።» አዲስ መጽሐፍ ከሚሸጥ ቤት የሚለየው እዚጋ ነው፣ እዚ ቤት እያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፣ ተሸጠ ማለት አለቀ። ገጹን ማጥፋት አልፈለግኩም፣ ሊንኩ የሆነ ቦታ ተጋርቶ ሊሆን ይችላል፣ ደግሞ የተሸጠ መጽሐፍ መረጃም ለአንባቢ ይጠቅማል። ስለዚ «ይዞታ» የሚል ታክሶኖሚ ጨመርን፣ ውስጡ «አለ»፣ «ተይዟል»፣ «ተሽጧል»። ዝርዝሩ ላይ ወርድፕሬስ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የታክሶኖሚውን ስም በክላስ (ስታይሉ የሚይዝበት መለያ) መልክ ስለሚያስቀምጥ በስታይል ብቻ የተሸጠውን ማደብዘዝ ይቻላል። የመጽሐፉ የራሱ ገጽ ላይ ግን ያ ክላስ ቦዲው (የሙሉ ገጹ ኮድ) ላይ ስለማይመጣ በትንሽ ፊልተር፣ ማለትም ወርድፕሬስ የሚያወጣውን በሚቀይር አጭር ኮድ፣ ራሴ ጨመርኩት፣ ሲሸጥ የቴሌግራሙ በተን ይጠፋና «ተሽጧል፣ ሌላ ሲመጣ ለማወቅ ጠይቁን» የሚለው ይወጣል።

የእህታቸው ልጅ ደግሞ «አንተ፣ ዋጋው ከበተኑ በላይ ይሁን፣ ሰው ዋጋ ሳያይ አይጫንም» አለችኝ። ልክ ናት። ዋጋው ከመረጃዎቹ መሃል ወጥቶ ከበተኑ በላይ በትልቁ ተቀመጠ። ቴምፕሌት የሚያስደስተኝ ለዚ ነው፣ አንድ ቦታ ቀየርኩ፣ ሁሉም መጽሐፍ ላይ ተቀየረ።

ሰኞ

«አርካይቭ-ቡክ»፣ የሁሉም መጻሕፍት ዝርዝር። መጻሕፍቱን ከዳታቤዝ አምጥቶ የሚደረድረው ኩዌሪ ሉፕ ብሎክ ነው፣ ውስጡ ሽፋን፣ ርዕስ፣ ደራሲ፣ ዋጋ። እዚ ላይ የኩዌሪው ዓይነት «ዲፎልት» መሆን አለበት፣ ማለትም ገጹ ራሱ የጠየቀውን እንዲወስድ። «ከስተም» ካደረግከው ሁሌ የራሱን ዝርዝር ነው የሚያመጣው፣ አንድ ዘርፍ ስትመርጥ አይታዘዝም። ዲፎልት ሲሆን በገጽ ስንት ይታይ የሚለውን ከሴቲንግ ሪዲንግ ላይ ነው የሚወስደው፣ እዛ ያለው 10 ነው፣ 10 ለሦስትም ለአራትም ስለማይካፈል መጨረሻው መስመር ጎደሎ ይሆናል፣ 12 አደረግኩት።

ግሪዱ ላይ በኮለም ብዛት ሳይሆን በትንሹ የኮለም ስፋት ነው የሠራሁት፣ ስክሪኑ ሲሰፋ ራሱ ይጨምራል። ሒሳቡን ላስቀምጥ ምክንያቱም ብዙ ሰው ስልክ ላይ ሁለት በሁለት የሚታይ ነገር ነው የለመደው። 360 ፒክስል ስፋት ያለው ስልክ ላይ ቲሙ ግራና ቀኝ 30 30 ይተዋል፣ 300 ቀረ። በመሃል ክፍተቱ 20። ትንሹ ስፋት 9 ሬም (አንዱ ሬም 16 ፒክስል ነው) ቢሆን 144 ፒክስል ነው፣ ሁለቱ ከነክፍተቱ 308፣ አልገባም፣ ስለዚ በአንድ መስመር አንድ መጽሐፍ ብቻ ይወጣና ሰው ሲስብ ይውላል። 8 ሬም ሲሆን 128፣ ሁለቱ ከነክፍተቱ 276፣ ገባ። 8።

ኤክሰርፕት (ከጽሑፉ ቀንጭቦ የሚያወጣ) ብሎክ እንዳላስገባ የወሰንኩበት ምክንያት አለ። ወርድፕሬስ ቃል የሚቆጥረው በባዶ ቦታ ነው። ልጅቷ ከአንዳንድ መጽሐፍ መቅድም ቀንጭባ ታስገባለች፣ እዛ ላይ ቃላቱ በሁለት ነጥብ ነው የተለያዩት፣ ባዶ ቦታ የለም፣ ያኔ አንቀጹ በሙሉ እንደ አንድ ቃል ይቆጠርና ዝርዝሩ ላይ ተዘርግፎ ይወጣል። ዝርዝር ላይ ደግሞ ጽሑፍ አያስፈልግም፣ ሽፋኑ ይበቃል።

ማክሰኞ

አድራሻ፣ ማለትም ስለግ። የመጽሐፉ ርዕስ በአማርኛ ሲገባ ወርድፕሬስ አድራሻውንም በአማርኛ ያደርገዋል፣ ብራውዘር ላይ ያምራል፣ ከኋላ ግን እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይቀየራል፣ የተመደበው ቦታ ደግሞ 200 ነው። ስለዚ ወደ ሃያ ሁለት ፊደል አካባቢ ይቆረጣል፣ የእኛ መጻሕፍት ርዕስ ከነንዑስ ርዕሱ ከዛ ይበልጣል። ቴሌግራም ላይ ኮፒ ሲደረግም በፐርሰንት ምልክት የተሞላ ረጅም ነገር ይሆናል። አድራሻው በላቲን ፊደል አጭር ሆኖ ይጻፍ ብለናል።

ረቡዕ

ፍለጋ። ከሁሉም በላይ የማስብለት ይሄ ነው። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ጸሀይ»። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ሃይሉ»። «ሥዩም»፣ «ስዩም»። ዳታቤዙ እነዚን እንደተለያዩ ፊደሎች ነው የሚያያቸው፣ እና መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሎ ዌብሳይቱ የለም ይላል። አንባቢው ደግሞ የለም ከተባለ ይሄዳል፣ በሌላ አጻጻፍ ልሞክር አይልም።

ያደረግኩት፣ መጽሐፍ ሴቭ ሲደረግ ርዕሱና ደራሲው በአንድ የማይታይ ፊልድ ውስጥ ወደ አንድ አጻጻፍ ተቀይረው ይቀመጣሉ፣ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነቤተሰባቸው፣ ሃ እና ኣም ወደ መጀመሪያው (ሀ እና አ)። ሰው ሲፈልግም የጻፈው ቃል እንዲሁ ይቀየራል። የወርድፕሬስ ፍለጋ ርዕስና ጽሑፍ ውስጥ እንጂ ፊልድ ውስጥ ስለማያይ ያን ፊልድ በፊልተር ጨመርኩለት፣ ሰውየው የጻፈውን ቃል ግን አልነካሁም፣ የ«ሰርች» ቴምፕሌቱ ላይ ከላይ እሱ ራሱ እንደጻፈው ነው የሚወጣው። የሰው አጻጻፍ አይታረምም።

ምንም ሳይገኝ ሲቀር የሚወጣውንም ቀየርኩት። ቲሙ ላይ በእንግሊዝኛ አጭር ይቅርታ ነው ያለው። አሁን «እዚህ አላገኘነውም፣ ግን ሱቁ ውስጥ ገና ያልተመዘገበ ብዙ መጽሐፍ አለ፣ ስሙን ይላኩልን» ይልና የቴሌግራሙ በተን አለ። 404 (አድራሻው ሲሳሳት የሚወጣው ገጽ) ላይም ያው፣ ከፍለጋ ሳጥን ጋር። ይሄ ለማስዋብ የገባ አይደለም፣ እውነትም መጋዘን ውስጥ በካርቶን የተቀመጠ አለ።

ሐሙስ

ቀን። «የገባበት ቀን» ብሎ ዝርዝሩ ላይ እንዲታይ ጋሼ ፈልገዋል፣ አዲስ የገባውን የሚከታተሉ ደንበኞች ስላሉ። ፖስት ዴት ብሎክ ግን የፈረንጁን ብቻ ነው የሚያውቀው። ፒኤችፒ ውስጥ ኢንትል የሚባለው ኤክስቴንሽን የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፣ ስለዚ ብሎኩ ሲወጣ ቀኑን በሱ ቀይሮ የሚያሳይ ትንሽ ፊልተር። ሆስቲንጉ ላይ ኢንትል መከፈቱን ማየት ያስፈልጋል። ፈተናው ጳጉሜ ናት፣ ሴፕቴምበር 11፣ 2025 ሲባል መስከረም 1 ቀን 2018 ማለት አለበት፣ ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ሲባል ደግሞ መስከረም 1 ቀን 2016፣ ምክንያቱም 2015 ጳጉሜ 6 ነበረችው። ሁለቱንም በትክክል አለ።

ዓርብ

ልጅቷን ኤዲተር በሚለው ሮል አስገባኋት። ቴምፕሌት መቀየር የሚችለው አድሚን ብቻ ስለሆነ ሳይት ኤዲተሩ ጭራሽ አይታያትም፣ እሷ የምታየው መጻሕፍት የሚለውን ሜኑ ነው። አዲስ መጽሐፍ ስትከፍት ባዶ ገጽ እንዳይጠብቃት ፖስት ታይፑ ላይ መጀመሪያ የሚመጡ ብሎኮችን አስቀመጥኩ፣ «ስለ መጽሐፉ ሁለት ሦስት መስመር» የሚል ፓራግራፍና የመጀመሪያው ገጽ ፎቶ ቦታ፣ ሌላ ብሎክ እንዳይጨመርም ተቆልፏል። ይሄ ብሎክ ቴምፕሌት ከገጹ ቴምፕሌት የተለየ ነገር ነው፣ አንዱ ለምታስገባው ሰው ነው፣ አንዱ ለሚያነበው።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ አንድ መጽሐፍ ስታስገባ አየሁ፣ ምንም አላልኩም። ርዕስ፣ ፎቶ፣ ደራሲ መረጠች፣ ዋጋ ጻፈች፣ ዓመቱን ባዶ ተወችው፣ አሳተመችው። ገጹ ተከፈተ፣ «አልታወቀም» አለ፣ ሽፋኑ ከነጥጉ ይታያል። ከዛ ሳልነግራት ቀጣዩን አነሳች።

ማታ ሁሉንም ወደ ቻይልድ ቲሙ አውርጄ ዚፑን ለጋሼ ፍላሽ ላይም አስቀመጥኩ።

የቀረው የደራሲ ገጽ ነው። አሁን የደራሲ ስም ሲጫኑ «አርካይቭ» ላይ ነው የሚወድቀው፣ ይሠራል፣ ግን ስለ ደራሲው ትንሽ መግለጫ ከላይ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ታክሶኖሚ ዲስክሪፕሽን የሚባለው ብሎክ ለዛ ይሆናል። መግለጫውን ጋሼ በቃል ሊነግሩኝ ተስማምተናል፣ እኔ እጽፈዋለሁ፣ እሳቸው ያዩታል። ከዛ ደግሞ መጽሐፉ ገጽ ግርጌ ላይ የዛው ደራሲ ሌሎች መጻሕፍት እንዲመጡ፣ ኩዌሪ ሉፕ ብቻውን ይሄን አያውቅም፣ አንድ ፊልተር ይፈልጋል። ሰኞ በሱ እጀምራለሁ።